ቆርጦ የሚሠራ ሰው፦ ውሉ፣ ዋጋው፣ ፈቃዱና ግብሩ

ሥራን ቆርጦ መያዝ፣ ማለትም የወር ደመወዝ ሳይጠብቁ በተወሰነ ዋጋ ተስማምቶ፣ በራስ መሣሪያና በራስ ኃላፊነት ሠርቶ ማስረከብ፣ አሶሳ ውስጥ የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ግንበኛውና ቀለም ቀቢው፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ከቀርከሃ ወንበርና አልጋ የሚሠራው፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ሠርግ የሚቀርጸው፣ ለእርዳታ ድርጅት ጥናት የሚያጠናው፣ ከበርታ ቋንቋ ወይም ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የሚያስተረጉመው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ክቡራትና ክቡራን ታዳሚዎች፣ በከተማዋ በራሳቸው ለሚሠሩ ባለሙያዎች በተደረገው ጥሪ መሠረት የዛሬው ንግግር ርዕስ ይኸው ሥራ ነው፤ በሕግ ፊት ምን እንደሆነ፣ ዋጋው እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ፈቃዱ እንዴት እንደሚወጣ፣ ግብሩ እንዴት እንደሚከፈል። በየነጥቡ ተመልሶ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ ኪሳራ ቢመጣ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? የዚህ መልስ ከታወቀ የቀረው ሁሉ ከእሱ ይመዘዛል።

የመጀመሪያው ነጥብ ሠራተኛ ማን ነው፣ ቆርጦ የሚሠራስ ማን ነው የሚለው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ሠራተኛ የሚለው በአሠሪው አመራር ሥር ሆኖ ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው ነው። አንቀጽ 3 አዋጁ የማይመለከታቸውን ግንኙነቶች ሲዘረዝር፣ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተቀበለ የሚሠራን ሰው ከነዚያ መካከል ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለው ሰው የሚዳኘው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 2610 አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት አንድን የተወሰነ ውጤት ሊያስገኝ፣ ሌላው ወገን ዋጋውን ሊከፍል የሚዋዋሉትን ውል ይደነግጋል። ሠራተኛ ጊዜውን ይሸጣል፤ ቆርጦ የሚሠራ ውጤቱን ይሸጣል።

ልዩነቱ ወዲያው ኪስ ውስጥ ይገባል። ሠራተኛ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፤ ሠራተኛዋ ስትወልድ 120 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች፤ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ደግሞ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። ቆርጦ የሚሠራ ሰው ከነዚህ አንዱንም አሠሪ አያዘጋጅለትም። ግድግዳው ቢሰነጠቅ በራሱ ወጪ አፍርሶ ይሠራል፤ አሸዋውን ጎርፍ ቢወስድበት አሸዋው የእሱ ነው። በምላሹ ማንንም ሳያስፈቅድ ረዳት ይቀጥራል፣ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይይዛል፣ ያልመሰለውን ሥራ አልቀበልም ይላል። ኪሳራው በእሱ ላይ ስለሚወድቅ ነጻነቱም የእሱ ነው።

ይህ በትልቁም በትንሹም ሥራ ያው ነው። በዚሁ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በጉባ ወረዳ የተገነባው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 እስኪመረቅ ድረስ የሚሄደው በውል ሰንሰለት ነበር፤ ባለቤቱ መንግሥት፣ ከሥሩ ዋና ተቋራጩ ሳሊኒ፣ ከእሱ ሥር ንዑስ ተቋራጮች፣ ከነሱ ሥር ደመወዝተኞች። በ2010 መጨረሻ የመንግሥት ኮርፖሬሽኑ ሜቴክ ይዞት የነበረው የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ሲነጠቅ ጥያቄው ስንት ሰዓት ተሠራ የሚል አልነበረም፤ የተዋዋሉት ነገር በጊዜው ደርሷል ወይ የሚል ነበር። አሶሳ ውስጥ አንድ ክፍል ቀለም ለመቀባት የተዋዋለ ወጣት የሚጠየቀውም ይህንኑ ነው።

አስቸጋሪው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ሰው ነው። በአሶሳ ዙሪያ የሸርቆሌ፣ የባምባሲና የጾሬ የስደተኛ መጠለያዎች ለዓመታት የድርጅቶችን ሥራ ወደ ከተማዋ ስበዋል፤ ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በኩርሙክ በኩል የሚገባው ሰው ሲበዛ ሥራውም በዝቷል። አንድ ድርጅት ለሁለት ሳምንት መረጃ ሰብሳቢ ሲፈልግ «የኮንትራት ባለሙያ» ብሎ ያስፈርማል። ወጣቷ ጠዋት 2 ሰዓት በድርጅቱ መኪና ትሄዳለች፣ በድርጅቱ ታብሌት ትሞላለች፣ ተቆጣጣሪው ወዳሳያት ቤት ትገባለች፣ ማታ ፈርማ ትመለሳለች። መጠይቁ ቢበላሽ የሚከስረው ድርጅቱ ነው። እንዲህ ያለው ግንኙነት ወረቀቱ ምንም ይበል ምን የአጭር ጊዜ ቅጥር ይመስላል። በዚያው ድርጅት የአርባ ገጽ ሰነድ ወስዶ ቤቱ ተቀምጦ፣ በራሱ ኮምፒውተር፣ በገጽ ይህን ያህል ተስማምቶ የሚተረጉመው ሰው ግን ያለ ጥርጥር ቆርጦ የሚሠራ ነው። ፍርድ ቤት የሚመለከተው የውሉን ርዕስ ሳይሆን የሥራውን ጠባይ ነው።

ይህን አስቀድሞ መለየት የሚያስፈልገው ለክርክር ብቻ ተብሎ አይደለም፤ ግን ክርክር ከመጣ ጊዜው በጣም ይለያያል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር፣ ሌላው በአንድ ዓመት በይርጋ ይታገዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የውል ጥያቄ አጠቃላይ የይርጋ ጊዜ 10 ዓመት ነው። «ኮንትራት ነህ» ስለተባለ ብቻ ዐሥር ዓመት አለኝ ብሎ የተዘናጋ ሰው፣ በእውነቱ ሠራተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ መብቱ ያለፈበት ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ዋጋ ነው። ብዙ ባለሙያ የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ ብሎ ይታያል።

አንድ ኤሌክትሪሺያን በወር 15,000 ብር ደመወዝ ይከፈለዋል እንበል። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሚሠራበት ሠንጠረዥ 3,200 ብር ግብር፣ 1,050 ብር የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ 10,750 ብር እጁ ይገባል። አሠሪው በበኩሉ 1,650 ብር ለጡረታ ስለሚጨምር የሰውዬው እውነተኛ ዋጋ 16,650 ብር ነው። ደመወዙ በ26 የሥራ ቀን ቢካፈል በቀን 577 ብር ገደማ ይመጣል። ይኸው ሰው ሥራውን ለቆ ራሱን ሲችል «ቢያንስ በቀን ስድስት መቶ ብር ካገኘሁ ከድሮዬ አላነስኩም» ቢል ሒሳቡ የተሳሳተ ነው።

ምክንያቱ ቀን ነው። ከ365 ቀን እሑዶች ሲነሡ 313 ይቀራል፤ የሕዝብ በዓላትና ዕረፍት ሲወጡ ከ285 ብዙም አይዘልም። ከዚያ ሥራ ለማየት የሚሄድበት፣ መለኪያ የሚወስድበት፣ ዕቃ የሚፈልግበት፣ ክፍያ ለማስለቀቅ ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተትበት ቀን አለ። አሶሳ ላይ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ በነዚያ ወራት ግንብና የውጭ ቀለም ይቀዘቅዛል። እንግዲህ በዓመት 180 ቀን ሥራ ቢያገኝ ደህና ነው። ለራሱ ሊያስቀር የሚፈልገው የበፊቱን 180,000 ብር ነው፤ አሠሪው ያዋጣለት የነበረውን ጡረታ ለመተካት 19,800 ብር፤ ለመሣሪያ፣ ለመጓጓዣ፣ ለስልክና ለፈቃድ 36,000 ብር ቢይዝ ድምሩ 235,800 ብር ይሆናል። ለ180 ሲካፈል በቀን 1,310 ብር። ከበፊቱ የቀን ዋጋ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ይህም ገና ከሠራተኝነት ኑሮው እንዳይጎድል ነው። ኪሳራን ለመሸከም የሚጠየቀው ዋጋ ገና አልተጨመረም።

ደንበኛው ይህን ሰምቶ «ውድ ነህ» ማለቱ አይቀርም። ይሉኝታ ዋጋን ከሁሉ በላይ የሚያወርድበት አገር ስለሆነ፣ ሒሳቡ በወረቀት ላይ ተሠርቶ መቅረቡ ይረዳል፤ በቃል የተነገረ ዋጋ እንደ ልመና ይታያል።

ዋጋው የሚቆረጠው በሁለት መንገድ ነው፦ የእጅ ዋጋ ብቻ፣ ወይም ከነማቴሪያሉ። በእጅ ዋጋ ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ ቀለሙን የሚያቀርበው ባለቤቱ ነው። ከነማቴሪያሉ የያዘ ሰው ግን የገበያውን ዋጋ ንረትም አብሮ ይዟል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1764 ሁኔታው ተለውጦ ግዴታው ከበፊቱ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ አብዛኛው የፋብሪካ ዕቃ በጭነት መኪና የሚመጣ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ወይም ነዳጅ ሲጠፋ ዋጋው በሳምንት ውስጥ ይለወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የገመድ፣ የቧንቧና የቀለም ዋጋ ምን እንደሆነ ማንም ባለሙያ ያስታውሳል። ስለዚህ ከነማቴሪያሉ የሚፈርም ሰው ዋጋው የሚጸናበትን ቀን ይጽፋል፤ ለምሳሌ «ይህ ዋጋ ለ15 ቀን የሚጸና ነው፤ ከዚያ በኋላ የዕቃ ዋጋ ከጨመረ ልዩነቱን ባለቤቱ ይሸፍናል»። ያ አንድ መስመር ከሌለ አንቀጽ 1764 በባለሙያው ላይ ይሠራል።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይጨምር፣ ዕቃውን ማን እንደሚያቀርብ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ክፍያው በስንት ዙር እንደሆነ፣ ተጨማሪ ሥራ ቢታዘዝ ዋጋው እንዴት እንደሚተመን ከተጻፈበት ይበቃል። ከሁሉም ይልቅ ተጨማሪ ሥራው ነው የሚረሳው። «እግረ መንገድህን ይችንም ሶኬት አስገባልኝ» ተብሎ የተጀመረ ነገር አሥር ሶኬት ሆኖ ያልቃል። ቀብድ ሳይቀበሉ ዕቃ መግዛት የደንበኛውን ቤት በራስ ገንዘብ መሥራት ነው። የክፍያ ዙሩ ደግሞ ባለሙያው ያወጣው ገንዘብ ከተቀበለው እንዳይበልጥ ተደርጎ ይከፋፈላል፤ ለምሳሌ ሲጀመር፣ ገመዱ ሲዘረጋ፣ መብራቱ ሲበራ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትልልቅ ድርጅቶች ከመጨረሻው ክፍያ ላይ ለጥገና መያዣ የሚያስቀሩት ገንዘብ አለ፤ ያ ገንዘብ ከወራት በኋላ ስለሚለቀቅ ለረዳት ደመወዝ አይታሰብም።

ሦስተኛው ነጥብ ፈቃድ ነው፤ አጠር ይላል።

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 እና በማሻሻያው 1150/2011 ይመራል። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ በመታወቂያና በጣት አሻራ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ሰው ሁሉ ቲን የሚለው፣ ይወጣል፤ የንግድ ምዝገባ ይደረጋል፤ ሙያው የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሕንፃ ተቋራጭነት፣ ያ ከሚመለከተው አካል ይቀርባል፤ ከዚያ ንግድ ፈቃዱ ይሰጣል። እድሳቱ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ነው፤ ከጥር ጀምሮ ከነቅጣቱ ይሆናል። ያለ ፈቃድ መነገድ በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል።

ፈቃዱ ሲወጣ በጥንቃቄ የሚመረጠው የሥራ መደቡ ነው። «የቀለም ቅብ ሥራ» የሚል ፈቃድ ያለው ሰው የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረሰኝ ቢያቀርብ የደንበኛው ሒሳብ ክፍል ይመልሰዋል፤ ሥራው ተሠርቶ አልቆ፣ መብራቱ በርቶ፣ ገንዘቡ ይታሰራል። ይህ በየቢሮው የሚታይ ነገር ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ሁለቱንም መደብ ያስገባ።

በግል ስም መሥራት ወይስ ማኅበር ማቋቋም? በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ በሙያ ለሚሠሩ ሰዎችም ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር የሚባል ቅርጽ አምጥቷል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ በግል ስም የሚሠራ ሰው ዕዳ ቢመጣበት ቤቱና ከብቱ ሳይቀር ለዕዳው ይጠየቃል፤ ማኅበር ካለው በአብዛኛው የሚጠየቀው የማኅበሩ ንብረት ነው። ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ጥያቄ እዚህም ይሠራል። ዋጋው ግን አለ። ማኅበር የገቢው መጠን ምንም ቢሆን ሒሳብ መዝግቦ መያዝ አለበት፤ ግብሩም 30 በመቶ ነው። አሶሳ ላይ ብቻውን ቀለም ለሚቀባ ሰው ማኅበር ማቋቋም ከጥቅሙ ወጪው ይበልጣል፤ ትልልቅ ውል የሚይዝና ሌሎችን ቀጥሮ የሚያሠራ ሰው ግን ሊያስብበት ይገባል።

ሌላም ልዩነት አለ፤ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ ውስጥ በግል ከሚሠሩ ነጋዴዎች የሚገኘው የትርፍ ግብር የክልሉ ነው፤ የድርጅቶች ግብር ደግሞ በአንቀጽ 98 የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ ነው። ስለዚህ በስሙ የተመዘገበው ግንበኛ ግብር የሚሄደው ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ካዝና ነው፤ የክልሉም ምክር ቤት የራሱን የግብር ሕግ የማውጣት ሥልጣን አለው። ክልሎች በአብዛኛው የፌዴራሉን ሕግ ተከትለው የራሳቸውን ስለሚያወጡ፣ በአሶሳ የሚከፍል ሰው አዲስ ሕግ በቴሌቪዥን በሰማ ጊዜ ክልሉ መቼ ሥራ ላይ እንዳዋለው የክልሉን ገቢ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ሄዶ መጠየቅ አለበት።

አራተኛው ነጥብ ግብር ነው።

የገቢ ግብር አዋጁ ቁጥር 979/2008 ገቢን በሠንጠረዥ ይከፋፍላል፤ «ሀ» የመቀጠር፣ «ለ» የኪራይ፣ «ሐ» የንግድ ሥራ ገቢ ነው። ቆርጦ የሚሠራ ሰው ሠንጠረዥ «ሐ» ውስጥ ይገባል። ሐምሌ 10 ቀን 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ሦስቱን የግብር ከፋይ ደረጃዎች ወደ ሁለት አውርዷል። ማኅበራትና ዓመታዊ ገቢያቸው ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ የሆነ ግለሰቦች ደረጃ «ሀ» ናቸው፤ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ «ለ» ነው። ደረጃ «ሀ» ሒሳብ ይዞ፣ ወጪ ቀንሶ፣ በትርፉ ላይ ይከፍላል። ለደረጃ «ለ» ግብሩ የሚሰላው በዓመቱ ጠቅላላ ሽያጭ ላይ ሆኖ መጣኔው ሽያጩ ሲያድግ ይጨምራል።

በትርፍ ላይ የሚከፈለው ግብር ለግለሰብ ደረጃ በደረጃ ነው። የመጀመሪያው 24,000 ብር ዓመታዊ ትርፍ ግብር የለበትም፤ እስከ 48,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 84,000 ያለው 20፣ እስከ 120,000 ያለው 25፣ እስከ 168,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። የ180,000 ብር ትርፍ ግብር በዚህ ሲሰላ 38,400 ብር ይመጣል፤ ከላይ የተነሣው ደመወዝተኛ በዓመት ከሚከፍለው ጋር እኩል ነው። ታዳሚዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ 35 በመቶው የሚነካው ከ168,000 በላይ ያለውን ብቻ ነው። «ገቢዬ ካደገ ሁሉም በ35 ይቆረጣል» ብሎ ሥራ የሚመልስ ሰው በባዶ ሥጋት ጥሩ ሥራ ያመልጠዋል።

በሽያጭ ላይ የሚሰላው ግብር ግን ሌላ ጣጣ አለው። አንድ ግንበኛ አጥር ሊሠራ ተዋዋለ እንበል፤ የእጅ ዋጋው 90,000 ብር፣ ዕቃው 260,000 ብር ነው። ዕቃውን ባለቤቱ በራሱ ስም ከገዛ የግንበኛው ሽያጭ 90,000 ብር ነው። ከነማቴሪያሉ ይዞ የ350,000 ብር ደረሰኝ ከቆረጠ ግን ትርፉ ምንም ሳይጨምር ሽያጩ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ሲሚንቶ ነጋዴው የተቀበለው ገንዘብ በግንበኛው ስም ይቆጠራል። ደረጃ «ለ» ውስጥ ላለ ሰው የእጅ ዋጋ ውል ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው፤ ሥጋቱም ያንሳል፣ ግብሩም ያንሳል። ከነማቴሪያሉ ካልሆነ የማይሰጥ ሥራ ሲመጣ የግብሩ ልዩነት ዋጋው ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ሁሉም በስሙ የሚያውቀው ዊዝሆልዲንግ ይመጣል፤ ከክፍያ ላይ አስቀድሞ ተቀንሶ የሚያዘው ግብር። መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ለአገልግሎት ከ10,000 ብር በላይ፣ ለዕቃ ከ20,000 ብር በላይ ሲከፍሉ 3 በመቶ ይይዛሉ፤ ከማሻሻያው በፊት 2 በመቶ ነበር። ቀለም ቀቢው ለአንድ ቢሮ 60,000 ብር ሥራ ሠርቶ ቢያስረክብ 1,800 ብር ተይዞ 58,200 ብር ይከፈለዋል። ቲን ሳይኖረው ከቀረበ ግን የሚያዘው 30 በመቶ ነው፤ 18,000 ብር። ቲን ለማውጣት ግማሽ ቀን ተሰልፎ መዋል ሰለቸኝ የሚል ሰው ይህን ቁጥር ይየው።

የተያዘው 1,800 ብር የጠፋ ገንዘብ አይደለም። በባለሙያው ስም ገቢ የሆነ ቅድሚያ ክፍያ ስለሆነ ዓመቱ ሲያልቅ ከግብሩ ላይ ይቀነሳል፤ የሚቀነሰው ግን ለመያዙ የተሰጠው ደረሰኝ ሲቀርብ ነው። ገንዘቡን በባንክ ተቀብሎ ደረሰኙን ሳይጠይቅ የሄደ ሰው ያንኑ ግብር ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በከተማዋ ገንዘብ በብዛት የሚባክነው ምናልባት በዚህ በኩል ነው፤ ድርጅቱ ፕሮጀክቱን ጨርሶ ቢሮውን ዘግቶ ሲሄድ ደግሞ ደረሰኙን የሚሰጥ ሰው አይገኝም። ደረሰኙ ቼኩ በተሰጠበት ቀን፣ ቲን ቁጥሩ በትክክል መጻፉ ታይቶ፣ ይወሰዳል።

ባለሙያው በበኩሉ ለደንበኛው በገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ፈቃድ የታተመ ደረሰኝ ይሰጣል። ከወረቀት ቤት የተገዛ ተራ ደረሰኝ አይሆንም፤ ድርጅቱ ወጪውን ሊያስይዝበት ስለማይችል ቀጣዩን ሥራ ለሌላ ይሰጠዋል። ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም ቫት፣ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 የሚመራ ሲሆን መጣኔው 15 በመቶ ነው፤ ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር የሚደርስ ሰው ይመዘገባል። የተመዘገበ ሰው ከደንበኛው የሚሰበስበው 15 በመቶ ለአንድም ቀን የእሱ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ሲዋዋል ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር በግልጽ ይጻፋል። ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ የ100,000 ብር ሥራ ቫት ተጨምሮበት ነው ተብሎ ባለሙያው 13,000 ብር ያህል ከኪሱ ያወጣል።

የኢትዮጵያ የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ሒሳብ የሚይዘው ደረጃ «ሀ» እስከ ጥቅምት 30 ያስታውቃል፤ አነስተኞቹ ግብር ከፋዮች በልማድ የሚሰለፉት ሐምሌ ላይ ነው። ሐምሌ አሶሳ ላይ ዝናቡ የሚጠናበት፣ ሥራ የሚቀንስበት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ የሚቃረብበት ወር ነው። ግብሩ ገንዘብ በሌለበት ወር እንዳይመጣ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ የተወሰነ እየተነሣ በሌላ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል። ለሥራና ለቤት አንድ ሒሳብ የሚጠቀም ሰው ስንት እንዳተረፈ ራሱም አያውቅም፤ በቴሌብር የሚቀበለውም ሰው እንዲሁ፣ የሥራውን ገንዘብ ከቤተሰብ ገንዘብ የሚለይበት መዝገብ ከሌለው። መዝገቡ ተራ ደብተር ሊሆን ይችላል፦ ቀን፣ ደንበኛ፣ የተቀበለው፣ የተያዘበት፣ ያወጣው።

በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅት የሚሠሩ የከተማዋ ወጣቶች ለብቻቸው አንድ ቃል ሊነገራቸው ይገባል። ክፍያው ከየትም ይምጣ፣ ሠሪው የሚኖረው ኢትዮጵያ ውስጥ ስለሆነ ገቢው እዚህ ግብር ይከፈልበታል። ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ በባንክ በኩል ሲገባ የሚሰጠው ማስረጃ ሁለት ጥቅም አለው፤ ለግብርም ሰነድ ይሆናል፣ ለብድር ሲቀርብም ገቢ እንዳለ ያሳያል።

የመጨረሻው ነጥብ ሥራውን መዝጋት ነው። ቆርጦ ሲሠራ የነበረ ሰው ቋሚ ቅጥር ሲያገኝ ወይም ከአሶሳ ሲወጣ ፈቃዱን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። ፋይሉ ግን ክፍት ነው። ገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ሰውዬው እየሠራ እንደሆነ ስለሚቆጥር ያላስታወቀበትን ዓመት ግብር በግምት ይወስንበታል፤ ቅጣትና ወለድም ይጨመርበታል። ከዓመታት በኋላ አዲስ ፈቃድ ሊያወጣ ወይም ለጨረታ ክሊራንስ፣ ማለትም ከግብር ዕዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ሊጠይቅ ሲሄድ ዕዳው ተደምሮ ይጠብቀዋል። ማድረግ ያለበት ሥራው መቆሙን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ እስከዚያ ቀን ያለውን ግብር አስልቶ መክፈል፣ ያልተጠቀመባቸውን ደረሰኞች መመለስ፣ ክሊራንስ መውሰድ፣ ከዚያ ፈቃዱን ለንግድ ቢሮ መልሶ የተመለሰበትን ደብዳቤ መያዝ ነው። ቲን ቁጥሩ አይመለስም፤ አዲሱ አሠሪ ደመወዙን የሚያስታውቀው በዚያው ቁጥር ነው።